የአመክሮ ሠራተኛ ሸክም

አመክሮ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስታውሰው እስረኛ ጠባዩ ታይቶ ፍርዱን ሳይጨርስ መፈታቱን ነው። በእንግሊዝ አገር ግን ነገሩ ሰፋ ይላል፤ ጥፋተኛው ወህኒ ሳይገባ፣ ወይም ከወህኒ ከወጣ በኋላ፣ በአንድ የመንግሥት ሠራተኛ ክትትል ሥር የሚቆይበትን ጊዜ ሁሉ ይጨምራል። ስለዚህ ሠራተኛ ብዙ አይነገርም፤ የሚነገርለትም ሥራው የተበላሸ ቀን ነው።

በ1907 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የወጣው ሕግ ሠራተኛው ጥፋተኛውን እንዲመክር፣ እንዲረዳና ወዳጅ እንዲሆነው አዘዘ። ይሁን እንጂ ይኸው ወዳጅ፣ ሰውየው ትእዛዝ ሲያፈርስ ለዳኛ የሚያመለክትበት እርሱ ነው። ድካሙ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ትናንት ሥራ ያፈላለገለትን ሰው ዛሬ ወደ ወህኒ እንዲመለስ ወረቀት ይጽፍበታል። ከዚህም በቀር የተደበደበችውን ሴት ቃልና የተበደለውን ሕፃን ታሪክ ሲያነብ ይውላል፤ ማታ ቤቱ ገብቶ ያነበበውን እንዳያወራ ደግሞ የሥራው ምስጢር ይከለክለዋል።

ይኸን ሸክም ከሚያቀሉት ነገሮች አንዱ ቀላልና ከባድ ጉዳይ ተቀላቅሎ መመደቡ ነበር። በሌባ ልጅ መታረም የተደሰተ ሠራተኛ የነፍሰ ገዳዩን ፋይል ለመክፈት ጉልበት ያገኛል። በ2014 መንግሥት መሥሪያ ቤቱን ለሁለት ከፈለው፤ አደገኞቹን ለራሱ አስቀርቶ የቀሩትን ለ21 ኩባንያዎች ሰጠ። በመንግሥቱ በኩል የቀረው ሠራተኛ ከባድ ከባዱን ብቻ ታቀፈ። በኩባንያዎቹ በኩል ደግሞ ቁጥሩ በዛ፤ በ2017 ተቆጣጣሪዎች አንዳንድ ጀማሪ ሠራተኞች እያንዳንዳቸው 200ና ከዚያ በላይ ሰው ይዘው በስልክ ብቻ ሲከታተሉ አገኙ። ፊቱን ሳያዩ ሰውን መምከር እንዴት ይቻላል?

ሠራተኛውን ስለ መንከባከብ የሚያስቡ አለቆች ብዙውን ጊዜ የምክር አገልግሎትና ስለ ጭንቀት የሚሰጥ ትምህርት ያዘጋጃሉ። አይጠላም። ነገር ግን 200 ሰው ለተሸከመ ሠራተኛ ይህ ሸክሙን ሳያወርዱ ትከሻውን እንደ ማሸት ነው። የሚያሳርፈው የተመደበለት ሰው ቁጥር መቀነሱ፣ ስሕተት ለመቁጠር ሳይሆን ለማዳመጥ በየጊዜው አብሮት የሚቀመጥ የበላይ ማግኘቱና ከክፉ ጉዳይ በኋላ እፎይ የሚልበት ቀን መኖሩ ነው።

በ2021 ሁለቱ ወገኖች እንደገና ተዋሐዱ፤ የሥራው ብዛት ግን አልቀለለም። በ2022 በአመክሮ ክትትል ሥር የነበረ አንድ ሰው በምሥራቅ ሎንዶን አንዲት ወጣት ገደለ። በ2023 የወጣው የምርመራ ዘገባ ሰውየው ከፍተኛ አደጋ ያለበት ተብሎ መመዝገብ ሲገባው በመካከለኛ መመዝገቡን አስታወቀ፤ የሠራተኞቹን ከአቅም በላይ መጨናነቅም ጠቀሰ። እንዲህ ያለ ዜና በተሰማ ማግስት እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን ፋይሎች እየፈራ ይከፍታል። አንዱ ታሞ ሲቀር ደግሞ የእርሱ ፋይሎች አጠገቡ ወዳለው ጠረጴዛ ይዛወራሉ።