ላዳ፤ ርካሽ ጥገናና ውድ ባለቤትነት

በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ለበርካታ ዐሥርት ዓመታት ሰማያዊና ነጭ ቀለም ተቀብቶ በታክሲነት ሲያገለግል የኖረው ላዳ፣ በትውልዱ ጣሊያናዊ፣ በአስተዳደጉ ሶቪየታዊ የሆነ መኪና ነው። የሶቪየት ኅብረት መንግሥትና የቱሪኑ ፊያት ኩባንያ በ1966 እ.ኤ.አ. በተፈራረሙት ውል መሠረት በቮልጋ ወንዝ ዳር በምትገኘው በቶሊያቲ ከተማ ግዙፍ ፋብሪካ ተተከለ፤ በ1970 እ.ኤ.አ. ደግሞ የፊያት 124ን ንድፍ መነሻ ያደረገው ቫዝ 2101 የተባለው የመጀመሪያው ሞዴል መመረት ጀመረ። መሐንዲሶቹ ለአገራቸው ሻካራ መንገድና ብርቱ ቅዝቃዜ ሲሉ የአካሉን ላሜራ አወፈሩ፣ የኋላውን የዲስክ ፍሬን በከበሮ ፍሬን ተኩ፣ ሞተሩንም ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው ዘንግ፣ ማለትም ካምሻፍቱ፣ ከላይ እንዲቀመጥ አድርገው እንደ አዲስ ሠሩት። ከዚህ ንድፍ የተወለዱት ሞዴሎች በሩሲያ እስከ 2012 እ.ኤ.አ. ድረስ መመረታቸው፣ መኪናው ዘመን ቢያልፍበትም መለዋወጫው ከገበያ እንዳይጠፋ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ነው።

ስለ ላዳ ጥንካሬ የሚነገረው ምስጋና ሁለት የተለያዩ ባሕርያትን እንደ አንድ የሚቆጥር ነው። በቀላሉ የሚጠገን መኪና ሌላ፣ የማይበላሽ መኪና ሌላ ነው፤ ላዳ የመጀመሪያውን ባሕርይ በሙላት ሲይዝ ሁለተኛው ይጎድለዋል። እያንዳንዱ ብልሽት በጥቂት መፍቻዎች የሚታረምና ለብቻው ሲታይ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ በመሆኑ፣ ባለቤቱ የየጊዜውን ወጪ ደምሮ የመመልከት ልማድ አይኖረውም፤ የመኪናው እውነተኛ ዋጋም በእነዚህ ጥቃቅን ክፍያዎች ብዛት ውስጥ ተሰውሮ ይቀራል።

ከሁሉም ይልቅ በዝርዝር ሊታይ የሚገባው የማቀዝቀዣው ሥርዓት ነው፤ ትንሹ ጉድለት ወደ ትልቁ ኪሳራ የሚሸጋገረው በዚህ በኩል ነውና። ፒስተኖቹ የሚመላለሱበት ዋናው የሞተር አካል፣ ብሎክ የሚባለው፣ ብረት ሲሆን በላዩ የሚከደነው ቴስታታ ግን አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት የበለጠ ስለሚለጠጥ፣ ሞተሩ ከልክ በላይ ሲግል ቴስታታው ይጣመማል፤ በሁለቱ መካከል የሚገባው ማሸጊያ፣ በጋራዥ አጠራር ጓርኒሲዮን፣ ይቃጠላል፤ ውኃም ከዘይት ጋር ሊቀላቀል ይችላል። የግለቱ መነሻ ብዙውን ጊዜ የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ፣ የላላ ቺንጋ ወይም በዝቃጭ የተደፈነ ራዲያተር ነው። በዚህ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመሆኗ፣ በክፍት ዕቃ የተጣደ ውኃ በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይፈላል፤ የራዲያተሩ ክዳን በውስጡ ያለውን ግፊት አምቆ የመፍያውን ነጥብ ከ100 ዲግሪ በላይ የሚያደርሰው ላስቲኩ ደህና እስከሆነ ድረስ ብቻ ነው። ላስቲኩ ካረጀ ግን በቆላ ከተማ ችግር በማይፈጥር ሙቀት ላይ ውኃው ፈልቶ ይወጣል። ጠዋት ጠዋት ራዲያተሩን በቧንቧ ውኃ መሙላት ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ አያድነውም፤ በውኃው ውስጥ ያለው ማዕድን እየተጠራቀመ ቀጫጭኖቹን ቱቦዎች ይደፍናቸዋል። ክዳኑን በወቅቱ ለመለወጥ የሚበቃው ገንዘብ፣ ቴስታታው ወርዶ፣ ገጹ በማሽን ተልጎ፣ ጓርኒሲዮኑ ተለውጦ ሞተሩ እንደገና እስኪገጠም ከሚወጣው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

ከፍታው በቃጠሎውም ላይ የራሱን ጣጣ ያመጣል። ካርቡራተር ቤንዚንን ከአየር ጋር በተወሰነ ቀዳዳ እየለካ የሚያደባልቅ መሣሪያ ነው፤ የአየሩን መሳሳት የሚለይበት ምንም መንገድ የለውም። የአዲስ አበባ አየር ከባሕር ጠረፉ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ በመሆኑ፣ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡራተር ከሚፈለገው በላይ ቤንዚን ያስገባል፤ ካንዴላዎቹ ጥላሸት ይለብሳሉ፣ የሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል፣ የነዳጅ ፍጆታውም ይንራል። የድሮዎቹ ሞዴሎች ደግሞ የእሳት ብልጭታውን ጊዜ የሚወስኑት በፑንቲና፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ፍሰቱን እየቆረጠ ቦቢናው ከፍተኛ ቮልቴጅ እንዲያመነጭ በሚያደርግ የብረት ጥንድ ነው። በጥንዱ መካከል ሊኖር የሚገባው ክፍተት 0.4 ሚሊሜትር ገደማ ቢሆንም ጫፎቹ በየብልጭታው ስለሚቃጠሉ ልኩ ይዛነፋል፤ መኪናው በክረምት ጠዋት አልነሳም ሲል ከመጀመሪያዎቹ ተጠርጣሪዎች አንዱ ይኸው ፑንቲና ነው።

ቫልቮቹን በተመለከተ ፋብሪካው በቀዝቃዛ ሞተር ላይ 0.15 ሚሊሜትር ክፍተት እንዲኖርና ይህም በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ እንዲታይ ይጠይቃል። ክፍተቱ ሲሰፋ የሚሰማው ኳኳታ ባለቤቱን ቢያሳስበውም፣ ይበልጥ አደገኛው ድምፅ የማያሰማው የጠበበ ክፍተት ነው፤ ቫልቩ በሙሉ ስለማይዘጋ የሚያመልጠው ትኩስ ጋዝ ጠርዙን እየበላው ይሄዳል። ጸጥ ያለ ሞተር ሁሉ ጤነኛ ነው የሚለው እምነት ብዙ ገንዘብ አስከፍሏል። የመሪ መላላት፣ የፍሪሲዮን መንሸራተትና የወለል ዝገት በማናቸውም ያረጀ መኪና የሚታዩ ስለሆኑ እዚህ ማብራሪያ አያሻቸውም።

የባለቤትነት ወጪው ሲሰላ በጋራዥ ደረሰኝ ላይ የማይጻፈው ክፍል ይበልጣል። በቀን 100 ኪሎ ሜትር የሚሠራ ላዳ ለዚሁ ርቀት 10 ሊትር ቢፈጅና በምትኩ ሊያዝ የሚችለው አነስተኛ ዘመናዊ መኪና 7 ሊትር ቢበቃው፣ በ300 የሥራ ቀናት የሚፈጠረው ልዩነት 900 ሊትር ነው፤ መንግሥት ከ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሳት በመጀመሩም ይህ ልዩነት ከቀድሞው ይልቅ ይከብዳል። ጋራዥ ያደረ ታክሲ ከጥገናው ክፍያ በተጨማሪ የዕለቱን ገቢ ያሳጣል፤ የሦስተኛ ወገን መድንና ቦሎ ግን መኪናው ቢቆምም አይቀሩም። በመርካቶ ሶማሌ ተራ ኦርጅናሉና ኮፒው ጎን ለጎን በሚሸጥበት ሁኔታ፣ ግማሽ ዕድሜ ያለውን ዕቃ በግማሽ ዋጋ መግዛት እኩል መስሎ ቢታይም፣ የእጅ ዋጋው ሁለት ጊዜ ስለሚከፈል ውጤቱ ኪሳራ ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ ባለቤቱ መኪናውን ከመጣል ይልቅ መጠገኑን መምረጡ ምክንያት አለው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከዕድሜያቸው ጋር የሚጨምር ከባድ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ምትክ መግዛት ከብዙዎች አቅም በላይ በሆነበት ገበያ ውስጥ አሮጌው መኪና ከሜካኒካዊ ብቃቱ በላይ ዋጋ ያወጣል።

ላዳ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ከቀለሙና ከጎማው በፊት ሞተሩ በቀዘቀዘበት ሰዓት የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ በውኃው ላይ የዘይት ቅባት መኖሩን፣ በዘይት መለኪያው ላይም ወተት የመሰለ ቅልቅል መታየቱን ይመርምር፤ የአራቱንም ሲሊንደር የግፊት መጠን ያስለካ። ከአራቱ አንዱ ከሌሎቹ በብዙ ካነሰ ብዙውን ጊዜ ወይ ቫልቩ ወይ የፒስተኑ ፋሻ አልቋል ማለት ነው፤ ሻጩ የዚህን ጥገና ወጪ ከዋጋው ላይ ለመቀነስ ካልተስማማ መኪናውን መተው ይሻላል።