ሽንፈቱ አይደለም የሚያንገበግበን

ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. እሑድ ማታ አዲስ አበባ ቤቷ አልገባችም። ብሔራዊ ቡድናችን ዋሊያዎቹ በአዲስ አበባ ስታዲየም ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፈው፣ ብራዚል ለምታዘጋጀው የዓለም ዋንጫ የመጨረሻውን የአፍሪካ ዙር ማጣሪያ የተቀላቀሉ መስሎን ነበር። ከስታዲየም እስከ ሳንሱሲ ሰፈር ጥሩንባ፣ ጭፈራ፣ ባንዲራ ነበር። ጭፈራው ሳይበርድ ግን ሌላ ወሬ መጣ። የዓለም አቀፉ እግር ኳስ ፌዴሬሽን፣ ፊፋ፣ ኢትዮጵያ መሰለፍ የማይገባውን ተጫዋች አሰልፋለች በሚል ምርመራ መክፈቱን አስታወቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዚያ ጨዋታ ስምንት ቀን በፊት፣ ሰኔ 1፣ ቡድኑ ከሜዳው ውጭ ቦትስዋናን 2 ለ 1 ረትቶ ነበር። በሁለት ቢጫ ካርድ ምክንያት ያን ጨዋታ ማረፍ የነበረበት ምንያህል ተሾመ ግን ተሰልፏል። የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ስህተቱን አመነ። ፊፋም ውጤቱን ገልብጦ ለቦትስዋና 3 ለ 0 ሰጠ፤ ከኢትዮጵያ ሦስት ነጥብ ተቀነሰ፣ 6 ሺህ የስዊስ ፍራንክ ቅጣትም ተጨመረ።

ምንያህልን የሚወቅስ ደጋፊ ያኔም አልነበረም፣ ዛሬም የለም። ተጫዋች ተሰለፍ ሲባል ይሰለፋል። ቢጫ ካርድ መዝግቦ መያዝ የቢሮ ሥራ ነው፤ የሰፈር ዕቁብ ጸሐፊ እንኳ ማን ከፈለ፣ ማን ቀረ የሚለውን በደብተሩ ይይዛል። የአገር ቡድን ሁለት ቢጫ ካርድ የሚቆጥርለት አጣ። መሰለፍ የማይገባውን ተጫዋች በማሰለፍ ቶጎና ኢኳቶሪያል ጊኒም በዚያው ማጣሪያ ተቀጥተዋል፤ ይህ ግን ለእኛ ማጽናኛ አልሆነም። ልጆቹ ላባቸውን አንጠፍጥፈው ያመጡት ሦስት ነጥብ ሜዳ ላይ አልተነጠቀም፤ ቢሮ ውስጥ ነው የጠፋው።

ያም ሆኖ ቡድኑ አልተሰበረም። ጳጉሜን 2 ቀን ብራዛቪል ላይ መካከለኛው አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፎ ምድቡን በ13 ነጥብ መራ። ደቡብ አፍሪካ በ11 ቀረች። ከዚያ ናይጄሪያ መጣች። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. ለዚያ ጨዋታ ሰው ከዋዜማው ጀምሮ ስታዲየም ዙሪያ ሰልፍ ይዞ አደረ። ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ጥላ ፎቅ የሚባሉት የስታዲየሙ ክፍሎች ሁሉ ሞልተው ፈሰሱ። በኃይሉ አሰፋ አገባ፤ ኢማኑኤል ኢሜኒኬ ሁለት ጊዜ መልሶ 2 ለ 1 ተሸነፍን። ካላባር ላይም 2 ለ 0። ብራዚል ቀረች። ከዚያ ምሽት የማስታውሰው ግን ቁጣ አይደለም። ሰው አዝኖ ነበር፤ ቢሆንም ቡድኑን አጨብጭቦ ሸኘ። ይህን የማነሳው ለአንድ ነገር ነው፤ የኢትዮጵያ ደጋፊ መሸነፍ አይችልም፣ ትዕግሥት የለውም እየተባለ ሲነገር ስለምሰማ። ውሸት ነው። ከ1974 እስከ 2005 ዓ.ም. ድረስ 31 ዓመት ሙሉ የአፍሪካ ዋንጫን ደጃፍ ሳይረግጥ የጠበቀ ሕዝብ ትዕግሥት የለውም ሊባል አይችልም። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን፣ ካፍን፣ ከመሠረቱት አገሮች አንዷ የእኛ ናት። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን ዋንጫውን ስናነሳ የቡድኑ አሰልጣኝ የነበሩት ይድነቃቸው ተሰማ ኋላ ካፍን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። ይህን ታሪክ ይዞ የሚጠብቅ ሰው ሽንፈትን ይችላል። የሚያንገበግበው ማን እንደወሰነ፣ ለምን እንደወሰነ ሳይነገረው የሚወሰነው ነገር ነው።

የአሰልጣኞቹን ጉዳይ እንይ። ከ31 ዓመት በኋላ ቡድኑን ለአፍሪካ ዋንጫ ያበቁት ሰውነት ቢሻው፣ በ2006 ዓ.ም. በቻን፣ በየአገራቸው ሊግ የሚጫወቱ ተጫዋቾች ብቻ በሚሰለፉበት የአፍሪካ ውድድር፣ ሦስቱንም ጨዋታ ያለ አንድ ጎል ከተሸነፉ በኋላ ተሰናበቱ። ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ መጡ፤ ዓመት አካባቢ ቆይተው ሄዱ። በእሳቸው ቦታ ዮሐንስ ሳህሌ ተተኩ። መጋቢት 16 ቀን 2008 ዓ.ም. አልጄሪያ ብሊዳ ላይ 7 ለ 1 ቀጣን፤ በአራተኛው ቀን አዲስ አበባ ላይ ያው ቡድን ያችኑ አልጄሪያን 3 ለ 3 ያዛት። በአራት ቀን ውስጥ ምን ተለወጠ? የመጀመሪያው ቀን ምን ጎደለ? ተቀምጦ መርምሮ ለሕዝብ ያቀረበ አካል አላየንም። ዮሐንስም ሄዱ። ገብረመድህን ኃይሌ፣ አሸናፊ በቀለ፣ አብርሃም መብራቱ፣ ውበቱ አባተ፣ እንደገና ገብረመድህን ኃይሌ፣ ከዚያ መሳይ ተፈሪ። አንድ ሰው በ2008 ተይዞ ተለቅቆ በ2016 ዓ.ም. ተመልሶ ሲቀጠር፣ ያኔ ለምን ተለቀቀ፣ አሁን ለምን ተፈለገ ብሎ መጠየቅ የደጋፊው መብት ነው። ገብረመድህን ችሎታቸውን በክለብ ደረጃ ያስመሰከሩ አሰልጣኝ ናቸው፤ ጥያቄዬ በእሳቸው ላይ አይደለም። ቀጣሪው በየጊዜው ምን ፈልጎ እንደሚቀጥር ነው።

ከአሰልጣኙ የባሰው ግን የሜዳው ጉዳይ ነው።

በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ካፍ የባሕር ዳር ስታዲየም መስፈርቱን አያሟላም ብሎ ከለከለ። የአዲስ አበባ ስታዲየም ደግሞ ለእድሳት ለዓመታት ተዘግቶ ቆየ። ከ60 ሺህ በላይ ተመልካች እንዲይዝ በ2008 ዓ.ም. ግንባታው የተጀመረው አደይ አበባ ስታዲየም ዓመት በመጣ ቁጥር ሊያልቅ ነው ይባልለታል። ስለዚህ ኢትዮጵያ «በሜዳዋ» ጋናን ያስተናገደችው ጆሃንስበርግ ላይ ነው። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፈችውም ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነው። ዳዋ ሆቴሳ አገባ፣ ሽመልስ በቀለ ደገመ። ግብፅን! እንዲህ ያለ ቀን በአንድ ትውልድ ስንቴ ይመጣል? ካታንጋ ባዶውን ነበር፤ ጎሉን ያየነው በቴሌቪዥን ነው። ከዚያ በኋላም ሞሮኮ፣ ሞዛምቢክ፣ ታንዛኒያ «ሜዳችን» ሆነው ቆዩ። ከግብፁ ድል አሥር ወር ሳይዘል ቡድኑ በጊኒ ሁለቴ ተሸነፈ፤ ከዚያ ውበቱ አባተም ከፌዴሬሽኑ ጋር ተለያዩ።

ካፍ የሚጠይቀው ተአምር አይደለም፤ ቁጥር ያለው የግል መቀመጫ፣ ደህና የመልበሻ ክፍል፣ በቂ መብራት፣ የጋዜጠኞችና የሕክምና ቦታ ነው። መስፈርቱም በድንገት ከሰማይ አልወረደም። ቡድኑ በየጨዋታው ተጓዥ ሲሆን የሚወጣው የአውሮፕላንና የሆቴል ገንዘብ የሕዝብ ነው፤ የሚቀረው የደጋፊ ድምፅ ደግሞ በገንዘብ አይተመንም።

ክለቦቹም ከዚህ አላመለጡም። በ2013 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉ በተመረጡ ከተሞች መካሄድ ሲጀምር፣ በቴሌቪዥን መተላለፉ ለሊጉ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን የአዲስ አበባዎቹ የቡናና የጊዮርጊስ ደጋፊ ለበርካታ የውድድር ዘመናት ቡድኑን ለማየት አዳማ፣ ሐዋሳ፣ ድሬዳዋ መሄድ ግድ ሆነበት። ማን ይችላል? የቀን ሠራተኛ፣ ተማሪ፣ ሊስትሮ?

ለምሳሌ ሳንሱሲን እንውሰድ፤ ከአስኮ አልፎ በአምቦ መንገድ ወደ ቡራዩ ሲወጣ ያለ ሰፈር ነው። ድሮ የጨዋታ ቀን ማሊያ የለበሱ ልጆች በአስኮና በዊንጌት በኩል በታክሲ ተጨናንቀው ወደ ስታዲየም ይወርዱ ነበር። ዛሬ የሚሄዱት አስፋልት ዳር ወዳለው ዲኤስቲቪ ቤት ነው። ግድግዳው ጥቁር ቀለም የተቀባ፣ መስኮቱ በመጋረጃ የተዘጋ፣ ጀርባ የሌለው አግዳሚ የተደረደረበት ክፍል ነው። ደጁ ላይ የቆመው ሰሌዳ የቀኑን ጨዋታ ይናገራል፤ የእንግሊዞቹ ቡድኖች ስም በትልቁ፣ ከነሰዓቱ ተጽፏል። ዋሊያዎቹ የሚጫወቱበት ቀን ከታች፣ ጠርዙ ላይ፣ በተረፈው ቦታ ተጠጋግታ የተጻፈች አንዲት መስመር አየሁ። ባለቤቱን አልወቀስኩትም፤ የሚጽፈው ሰው የሚገባለትን ነው። ውስጥ የተቀመጡት ወጣቶች የአርሰናልን የተጠባባቂ ግብ ጠባቂ ስም ያውቃሉ፤ የአገራቸው ቡድን ቀጣይ ጨዋታ የት አገር እንደሆነ ግን እርስ በርስ ይጠያየቃሉ። ይህ የወጣቶቹ ጥፋት አይደለም። ቡድኑን ከዓይናቸው ያራቁት እነሱ አልነበሩም።

አንዳንድ ኃላፊዎች «ደጋፊ ስሜታዊ ነው፣ የአስተዳደር ሥራ አይገባውም» ይላሉ። ጀርመን ውስጥ ደንቡ የክለቡን አብላጫ ድምፅ ለአባላቱ ይሰጣል፤ ደጋፊው አባል ሆኖ ይመርጣል፣ ይጠይቃል፣ ይሽራል። እግር ኳሳቸውም አልፈረሰም። እኛ ዘንድ አብዛኞቹ የፕሪሚየር ሊግ ክለቦች የሚተዳደሩት ከከተማ አስተዳደርና ከመንግሥት ድርጅት በሚመደብ በጀት ነው፤ ተጠሪነታቸውም በጀት ለሚመድበው ነው። በፌዴሬሽኑ ጠቅላላ ጉባኤም የክልሎች፣ የክለቦችና የሙያ ማኅበራት ወኪሎች ይቀመጣሉ፤ ቲኬት ገዝቶ ዝናብ የሚመታው ደጋፊ ግን ወንበር የለውም። ስለዚህ ሲሸነፍ አሰልጣኝ ይባረራል፤ አሰልጣኙን የመረጠው፣ ዝግጅቱን ያሳጠረው፣ ሜዳውን ያላዘጋጀው ይቀጥላል።

ፌዴሬሽኑ ሊያደርጋቸው የሚችላቸው፣ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ ነገሮች አሉ። አሰልጣኝ ሲቀጥር ምን ግብ እንደሰጠውና በስንት ጊዜ እንደሚመዝነው በይፋ ይናገር። ሲያሰናብት ምዘናውን ያውጣ። ከየማጣሪያው በኋላ የቴክኒክ ሪፖርቱ በመደርደሪያ አይቅር፣ ለሕዝብ ይቅረብ። ስታዲየሞቹን የሚመለከተው የመንግሥት አካልም ካፍ ያወጣውን የጉድለት ዝርዝር፣ የትኛው እንደተሟላና የትኛው እንደቀረ፣ በየሦስት ወሩ ያሳውቅ። በጠቅላላ ጉባኤውም ደጋፊዎች በማኅበሮቻቸው በኩል ድምፅ ያለው ወንበር ይሰጣቸው። ጉባኤው ደንቡን የማሻሻል ሥልጣን አለው፤ በሚቀጥለው ስብሰባው አጀንዳ አድርጎ ይያዘው።