ሚዛኑ ለምን ቆመ?

በመጀመሪያው ሳምንት 2 ኪሎ ቀነሳችሁ፣ ደስ አላችሁ። በሦስተኛው ሳምንት ግን ሚዛኑ ንቅንቅ አልል አለ። «በቃ፣ የኔ ሰውነት አይቀንስም» ብላችሁ ልትተዉት ነው አይደል? ቆይ እስቲ!

መጀመሪያ ቶሎ የወረደው አብዛኛው ውሃ ነው። ሰውነታችን ግላይኮጅን የሚባል የስኳር ክምችት አለው፤ እያንዳንዱ ግራም ወደ 3 ግራም ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ምግብ ስትቀንሱ ክምችቱ ይጎድላል፣ ውሃውም አብሮ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ተራው የስብ ነው፣ እሱ ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። የአሜሪካው ሲዲሲ የሚመክረውም በሳምንት ከግማሽ እስከ 1 ኪሎ ገደማ ነው።

ማታ ጨው የበዛበት ወጥ ከበላችሁ ወይም የወር አበባ ከተቃረበ ጠዋት ሚዛኑ ከፍ ሊል ይችላል። እሱም ውሃ ነው። ስለዚህ በአንድ ቀን ቁጥር አትበሳጩ። ጠዋት ቁርስ ሳትበሉ እየተመዘናችሁ የሳምንቱን አማካይ ካለፈው ሳምንት ጋር አወዳድሩ። ወገባችሁንም በሜትር ለኩ (አንዳንዴ ጂንሳችሁ ከሚዛኑ ቀድሞ ይነግራችኋል)።

ወር ሙሉ ሚዛኑም ወገባችሁም ካልተነቃነቁ ግን ዘይቱን እዩት። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻ 120 ካሎሪ ገደማ አለው። የጾም ወጡ ውስጥ ስንት ማንኪያ እንደሚገባ እስቲ የሚሠራውን ሰው ጠይቁ።