አምስት ተማሪዎችና አንድ ፕሮግራም

የኮምፒዩተር ፕሮግራም ይሠራል ሲባል ብዙዎቻችሁ በሐሳባችሁ የምትስሉት ሌሊቱን ሁሉ ብቻውን ከመሣሪያው ፊት ተቀምጦ የሚያነጋ፣ ከሰው ጋር መጨዋወት የማይወድ አንድ ብልህ ወጣት ሳይሆን አይቀርም። ይህ ሥዕል ግን ከእውነቱ የራቀ ነው። ዛሬ በየባንኩ፣ በየሆስፒታሉና በየመሥሪያ ቤቱ የሚሠራባቸው ፕሮግራሞች ብዙ ሰዎች ተካፍለው ያዘጋጇቸው፣ እነዚያ ወደ ሌላ ሥራ ሲዛወሩም ሌሎች ተረክበው የሚያድሷቸው ናቸው። በብዙ እጅ የሚያልፍ ሥራ ደግሞ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ድልድይ ያስፈልገዋል። ያም ድልድይ ጽሑፍ ነው።

በአገራችን በብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት በቡድን እየሆኑ አንድ ፕሮግራም እንዲሠሩ፣ የሥራውንም ዝርዝር በጽሑፍ አዘጋጅተው በመምህራን ፊት እንዲያስረዱ ይደረጋል። ተማሪዎቹ ፕሮግራሙን በደስታ ይጀምሩታል፤ ጽሑፉን ግን እንደ ዕዳ ይቆጥሩታል። በመጨረሻው ሳምንትም አንዱ ጓደኛ «አንተ እጅህ ፈጣን ነው» ተብሎ ብቻውን ይሸከመዋል። እኔ ላስረዳችሁ የምፈልገው የዚህን ተቃራኒ ነው። ተማሪው ፕሮግራሙን የጻፈበት ቋንቋ በጥቂት ዓመት ውስጥ በሌላ ይተካ ይሆናል፤ ከሰው ጋር ተካፍሎ መሥራትና የሠሩትን አጥርቶ መጻፍ ግን እስከ ጡረታ የሚያገለግል ሙያ ነው።

ተማሪዎች የሠሩት ቁም ነገር

የተማሪ ሥራ ለመለማመጃ ብቻ ነው የሚል ቢኖር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1965 በካናዳ፣ በዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ የሆነውን ይመልከት። በዚያን ጊዜ ኮምፒዩተር አንድ ሙሉ ክፍል የሚይዝ መሣሪያ ነበረ። ተማሪው ፕሮግራሙን በተበሱ ካርዶች አዘጋጅቶ ያስረክብና ውጤቱ በወረቀት ታትሞ እስኪመለስለት ይጠብቃል። ፎርትራን የተባለውን ቋንቋ ወደ መሣሪያው ቋንቋ የሚመልሰው አስተርጓሚ ፕሮግራም ለትልልቅ ሥራ የታሰበ ስለ ነበረ ለብዙ ተማሪዎች አጫጭር ልምምድ አይመችም ነበር። ዌስ ግራሃም የተባሉት መምህር ባመነጩት ሐሳብ አራት የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች በዕረፍት ወራት አዲስ አስተርጓሚ ሠሩ፤ ስሙም ዋትፎር ተባለ። ከዚያ በኋላ በሌሎች ብዙ ዩኒቨርሲቲዎችም ተሠራበት።

ዋትፎር የተመሰገነው በፍጥነቱ ብቻ አይደለም፤ ተማሪው ሲሳሳት ስሕተቱ ምን እንደ ሆነ በግልጽ ስለሚነግረውም ጭምር ነው። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። መሣሪያው የሚናገረውን ቃል የጻፈው ሰው ነው። ያም ሰው አንባቢውን፣ ማለት ገና ጀማሪ የሆነውንና ግራ የገባውን ተማሪ፣ በዓይነ ሕሊናው ማየት ነበረበት። የጽሕፈት ትምህርት መጀመሪያው ይህ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከፊንላንድ ነው። በነሐሴ ወር 1991 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የ21 ዓመቱ ሊኑስ ቶርቫልድስ ስለ ጀመረው ሥራ ለሙያ ባልደረቦቹ አንድ አጭር ማስታወሻ ላከ። በማስታወሻውም ምን እየሠራ እንደ ሆነ፣ ሥራው ገና ትንሽ መሆኑን ገለጸና ሌሎች ምን እንደሚፈልጉ ጠየቀ። ሊኑክስ የተባለው ሥራ በዓለም ዙሪያ በሺህ የሚቈጠሩ ሠራተኞች የሚተባበሩበት ሆነ። ብዙዎቹ ፊት ለፊት ሳይተያዩ በጽሑፍ ብቻ ተግባብተው ሠርተዋል።

«ሁለት ሰዓት» ስንት ሰዓት ነው?

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። አምስት ተማሪዎች ለአንድ ጤና ጣቢያ የቀጠሮ ፕሮግራም ሊሠሩ ተስማሙ እንበል። አንደኛው የበሽተኞችን ምዝገባ፣ ሁለተኛዋ ቀጠሮውን፣ ሦስተኛው መዝገብ ፍለጋውን፣ አራተኛዋ የወሩን ሪፖርት ወሰዱ፤ አምስተኛው ሁሉን ሊያገጣጥም ተመደበ። ሁሉም ጎበዞች ናቸው፤ ሁሉም ክፍላቸውን በሰዓቱ አደረሱ።

ምዝገባውን የሠራው ተማሪ እንደ ለመደው የጧቱን ሁለት ሰዓት «2:00» ብሎ አስገባ። ቀጠሮውን የሠራችው ተማሪ ግን የኮምፒዩተሩን ሰዓት ተከተለች፤ በዚያ ሰዓት «2:00» እኛ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት የምንለው ነው። አንዱ ዓመቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጻፈ፤ ሌላዋ በአውሮፓ አቆጣጠር አነበበችው። በዚህ ጊዜ በ2010 ዓ.ም. የተወለደው ሕፃን በመሣሪያው ዘንድ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይጨመርበታል። የስድስት ዓመቱ ልጅ የዐሥራ ሦስት ወይም የዐሥራ አራት ዓመት ጎረምሳ ሆኖ ይታያል። መድኃኒት በዕድሜ በሚለካበት ስፍራ ይህ የሚያሥቅ ነገር አይደለም። ሪፖርቱን ያዘጋጀችውም ተማሪ ዓመቱ 12 ወር ነው ብላ ስለ ወሰደች በጳጉሜን የታከሙት በሽተኞች ከቍጥር ወጡ።

የስም ፍለጋው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። አንዱ መዝጋቢ «ኃይሉ»፣ ሌላው «ሐይሉ»፣ ሦስተኛው «ሀይሉ» ብሎ ይጽፋል። ለጆሯችን አንድ ስም ነው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን ሦስት ልዩ ልዩ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ በሽተኛው አዲስ ካርድ ይወጣለታል፤ የቀድሞው ሕመሙ በአሮጌው ካርድ ላይ ተረስቶ ይቀራል።

ከእነዚህ ስሕተቶች ውስጥ ከዕውቀት ማነስ የመጣ አንድም የለም። እያንዳንዱ ክፍል ብቻውን ሲፈተን ትክክል ነው። የጎደለው ሥራው ሲጀመር ሊጻፍ የሚገባው አንድ ገጽ ነው፦ «በዚህ ፕሮግራም ቀን ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይገባል፤ ሰዓት ከጧት፣ ከቀን፣ ከማታ ወይም ከሌሊት ጋር ይጻፋል፤ በፍለጋ ጊዜ ሀ፣ ሐ እና ኀ እንደ አንድ ፊደል ይቈጠራሉ።» ሁሉም «ይህማ የታወቀ ነው» ብሎ ስለ ተወው አልተጻፈም። በኅብረት ሥራ ውስጥ ግን የታወቀ የሚባለው የተጻፈው ብቻ ነው።

ታላላቆችም ተሰናክለውበታል

ይህ የጀማሪዎች ስሕተት ብቻ አይምሰላችሁ። የአሜሪካ የጠፈር ምርምር ድርጅት ናሳ የማርስን አየር እንድታጠና በታኅሣሥ ወር 1998 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ያስወነጨፋት መንኰራኵር በመስከረም ወር 1999 ማርስ አጠገብ እንደ ደረሰች ጠፋች። ምርመራው እንዳሳየው በምድር ላይ የነበረው አንድ ፕሮግራም የግፊቱን ልክ በእንግሊዞች መለኪያ ሲያወጣ፣ ተቀባዩ ፕሮግራም በሜትር ሥርዓት የተሰጠ አድርጎ ወስዶታል። የሁለቱ ልዩነት ከአራት እጥፍ በላይ ነው። ከመቶ ሚሊዮን ዶላር በላይ የወጣበት ሥራ በዚህ ምክንያት ከንቱ ሆነ።

እዚህ ላይ ለመንግሥት ሠራተኛ የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። መለኪያው በሜትር ሥርዓት እንዲሆን የሚያዝዝ ጽሑፍ ነበረ፤ ነገር ግን በሥራ ላይ መዋሉን ያረጋገጠ አልነበረም። በጉዞው መካከልም አንዳንድ ሠራተኞች ቍጥሩ አልጣጣም እንዳላቸው ተናግረው ነበር፤ ዳሩ ግን ነገሩ በመደበኛው የችግር መዝገብ ገብቶ እስከ መጨረሻ አልተከታተለም። ስለዚህ መጻፍ ብቻ አይበቃም፤ በሚገባው ስፍራ መጻፍና የተጻፈውን መከታተል ያሻል።

ሰሙ ቀርቶ ወርቁ

እኛ ኢትዮጵያውያን በቋንቋ የምንራቀቅ ሕዝብ ነን። አንዱን ቃል ለሁለት ፍቺ ማብቃት፣ ሰሙን አሳይቶ ወርቁን መሰወር ከጥንት የመጣ ክብራችን ነው። በቅኔ ማሕሌት ይህ ይደነቃል፤ በሥራ ጽሑፍ ግን ሰሙ ቀርቶ ወርቁ ብቻ ይፈለጋል። አንድ ዐረፍተ ነገር ሁለት ፍቺ ካለው ሁለት ተማሪዎች ሁለት የማይገጣጠም ነገር ይሠራሉ።

ለምሳሌ «ፕሮግራሙ ፈጣን መሆን አለበት» የሚለው ምንም አይነግረንም። «የካርዱ ቍጥር በገባ በ3 ሴኮንድ ውስጥ መዝገቡ ይከፈታል» የሚለው ግን ሊፈተን ይችላል። እንዲሁም «አስፈላጊው ሁሉ እንዲደረግ ተወስኗል» የሚለው ቃለ ጉባዔ በየቢሮው የታወቀ ነው። ማን ያድርገው? ምንድን ነው አስፈላጊው? እስከ መቼ? ባለቤት የሌለው ግሥ ባለቤት የሌለው ሥራ ይወልዳል።

ደቦና ምጣድ

ገበሬዎቻችን የኅብረት ሥራን ከማንም አልተማሩትም። አጨዳ ሲደርስ ደቦ ይጠራል፤ ሠላሳ ሰው ከገባበት እርሻው በአንድ ቀን ያልቃል። ይህ የሚሆነው አጨዳ እንደ ልብ የሚከፋፈል ሥራ ስለ ሆነ ነው፤ አንዱ አጫጅ ከሌላው ጋር ብዙ መነጋገር የለበትም። በአንድ ምጣድ ዙሪያ ዐሥር ጋጋሪ ቢሰለፍ ግን እንጀራው ቶሎ አይበስልም። ፕሮግራም መሥራት ከእርሻው ይልቅ ወደ ምጣዱ ያደላል።

ፍሬድ ብሩክስ የተባሉት አሜሪካዊ በ1960ዎቹ የአይ ቢ ኤምን ታላቅ የፕሮግራም ሥራ ከመሩ በኋላ በ1975 ባወጡት መጽሐፍ የዘገየ የፕሮግራም ሥራ ላይ ሰው መጨመር ይበልጥ እንደሚያዘገየው አስረድተዋል። ምክንያቱ በሒሳብ ይታያል። ሦስት ሰዎች ሁለት ሁለት እየሆኑ ቢነጋገሩ ሦስት መስመር ብቻ ነው፤ አምስት ሲሆኑ 10፣ ዐሥር ሲሆኑ 45 ይሆናል። የተጻፈ ስምምነት ከሌለ በእነዚህ መስመሮች ሁሉ ወሬ ሲመላለስ ቀኑ ያልቃል።

የይሉኝታ ነገር

ከሁሉ የሚከብደው ግን ሒሳቡ አይደለም፤ ይሉኝታው ነው። በፕሮግራም ሥራ ደግ ልማድ የሚባለው አንዱ የሠራውን ሌላው ከመቀላቀሉ በፊት አንብቦ ጉድለቱን መናገሩ ነው። እኛ ዘንድ ይህ ያሳፍራል። «ምን ይለኛል» ብሎ ጓደኛውን ዝም ያለ ተማሪ ጓደኛውን የወደደ ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን ጉድለቱን ለጤና ጣቢያው በሽተኛ አሳልፎ ሰጠ። ምንም ያልሠራ ባልንጀራ ስሙ በሽፋኑ ላይ እንዲታተም ዝም ማለትም ከዚሁ ይቈጠራል። የተጎዳው ሥራውን የተሸከመው ብቻ አይደለም፤ ያለ ዕውቀት የተመረቀው ይበልጥ ተጎድቷል።

መድኃኒቱ ሰውየውን ትቶ ሥራውን መናገር ነው። «አንተ ግድየለሽ ነህ» ማለት ጠብ ነው። «በ40ኛው መስመር ላይ 13ኛው ወር ተመላሽ ይሆናል፤ ጳጉሜንን እንዴት እንቀበል?» ማለት ግን ርዳታ ነው። ቶርቫልድስ በ2005 የጀመረው ጊት የተባለው መሣሪያም ለዚህ ያግዛል፤ እያንዳንዱ ለውጥ የማን እንደ ሆነ፣ መቼና ለምን እንደ ተደረገ ከአጭር ማስታወሻ ጋር መዝግቦ ያኖራል። ማስታወሻው «አስተካከልሁ» ብቻ ከሆነ ግን መሣሪያው ምንም አያደርግም።

እንግዲህ በቡድን ልትሠሩ የተሰናዳችሁ ተማሪዎች እነዚህን አራት ነገሮች ያዙ። አንደኛ፣ አንድ መስመር ፕሮግራም ሳትጽፉ የጋራ ስምምነታችሁን በአንድ ገጽ ጻፉ፤ ቀን፣ ሰዓት፣ መለኪያና ስም እንዴት እንደሚጻፍ በዚያ ይገለጽ። ሁለተኛ፣ ከየስብሰባው በኋላ ማን ምን እስከ መቼ እንደሚሠራ በሦስት መስመር ያዙ። ሦስተኛ፣ ጽሑፉን ለአንድ ሰው አትተዉ፤ ሁሉም የሠራውን ይጻፍ፣ አንዱ ደግሞ ቋንቋውን ያስተካክል። አራተኛ፣ ረቂቁን ሥራውን ለማያውቅ ሰው ስጡና አጠገቡ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ፤ የቆመበት ቦታ ሁሉ የእናንተ ጉድለት ነው።

ኮምፒዩተር የማይመለከታችሁ የመንግሥት ሠራተኞችም ይህ ጽሑፍ ለሌላ ሰው የተጻፈ አይምሰላችሁ። ነገ ስትዛወሩ ወንበራችሁን የሚረከብ ሰው አለ። እናንተን ፈልጎ ስልክ ሳይደውል መዝገቡን ከፍቶ ሥራውን መቀጠል ከቻለ፣ ምንም እንኳ ፊታችሁን ባያውቅ፣ ከእናንተ ጋር በኅብረት ሠርቷል ማለት ነው።