ጭሱ ሲጠፋ የሚጀምረው አደጋ፦ ከሰልና ጋዝ በመኝታ ክፍል

በአጋሮና በጅማ ዙሪያ ባሉ የቡና ከተሞች የክረምቱ ዝናብ ሲበረታ የከሰል ምድጃ ሁለት ሥራ ይሠራል። ከሰዓት በኋላ ጀበና ይጣድበታል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተጠጥቶ ስኒው ከታጠበ በኋላ ደግሞ የተረፈው ፍም ተሰብስቦ ሕፃናትና አረጋውያን ወደሚተኙበት ክፍል ይገባል። ፍሙ ቀልቷል፤ አይጨስም፣ አይሸትም። «ጭሱ ወጥቶለታል» ይባልና በሩ ይዘጋል።

የአደጋው መነሻ ይህ እምነት ነው። በእንቅልፍ ላይ ያለን ሰው የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ ቀለምም ሆነ ሽታ የለውም፤ ዓይን አያቃጥልም፣ አያስልም። ዓይን የሚያስለቅሰውና ጣሪያ የሚያጠቁረው ጭስ ሌላ ነው። እርሱ ቢያንስ የተኛውን ቀስቅሶ ከቤት ያስወጣል።

በከተማ ነዋሪው ዘንድ ቡታጋዝ ለምግብ ማብሰያ እየተለመደ ሲመጣ፣ በሲሊንደር የሚሠራና ከክፍል ወደ ክፍል የሚዘዋወር የጋዝ ማሞቂያ የከሰሉን ቦታ ሊተካ ይችላል ወይ የሚል ጥያቄም አብሮ ይነሳል። ማሞቂያው ጭስና አመድ የለውም፣ በአንድ ጊዜ ይለኮሳል፣ በአንድ ጊዜም ይጠፋል። ሆኖም በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚሆነው ነገር ከከሰሉ ብዙም የራቀ አይደለም። ይህንን ለመረዳት ከምድጃው መጀመር ይቀላል።

ፍሙ ውስጥ ምን ይካሄዳል?

ከሰል ማለት ውኃውና አብዛኛው ጭሱ አስቀድሞ የወጣለት፣ በዋናነት ካርቦን የቀረበት እንጨት ነው። በምድጃው ሥር አየር ሲገባ የታችኛው ፍም ይነድና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈጥራል። ይህ ጋዝ ወደ ላይ ሲወጣ ከቀላው የላይኛው ፍም ጋር ይገናኝና ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል። ቡና የሚያፈላ ሰው በፍሙ ላይ የምትወዛወዝ ቀጭን ሰማያዊ ነበልባል ሳያይ አይቀርም። ያቺ ነበልባል ካርቦን ሞኖክሳይዱ ራሱ ከላይ አየር አግኝቶ ሲነድ የምትታይ ናት። ነበልባሏ ስትጠፋና ፍሙ አመድ ሲለብስ የጋዙ መፈጠር አይቆምም፤ የሚቆመው መንደዱ ነው። ስለዚህ ሳይነድ በቀጥታ ወደ ክፍሉ ይገባል። እሳቱ እስኪነጋ እንዲቆይ ፍሙን አመድ የሚያለብሱ ሰዎች ሳያውቁት የአየሩን መንገድ እያጠበቡ ነው።

ጋዙ ሰውነት ውስጥ ሲገባ የሚያደርገው ነገር ቀላል፣ ግን ከባድ ነው። ደም ኦክስጅን የሚሸከምበት ሄሞግሎቢን ካርቦን ሞኖክሳይድን ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ሁለቱ በአንድ ክፍል ከተገኙ ቦታውን የሚይዘው ካርቦን ሞኖክሳይዱ ነው። ሰውየው ይተነፍሳል፣ ደረቱ ይነሳል ይወድቃል፤ ነገር ግን አእምሮውና ልቡ ኦክስጅን አያገኙም። ጋዙ ከክፍሉ አየር 0.16 በመቶ ብቻ ቢደርስ በ20 ደቂቃ ውስጥ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ያመጣል፤ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜም ሊገድል ይችላል። የተኛ ሰው ደግሞ ራስ ምታቱን አይሰማም። ከድካም ወደ ሰመመን፣ ከሰመመን ወደ ሞት የሚያልፈው ሳይነቃ ነው።

ከምድጃው አጠገብ በሳህን ውኃ ማስቀመጥ «ጭሱን ይስባል» የሚሉ አሉ። ካርቦን ሞኖክሳይድ በውኃ ውስጥ እጅግ በጥቂቱ ብቻ ስለሚሟሟ ይህ ከአደጋው አያድንም። ዕጣን ማጨስም እንዲሁ ሽታ ይለውጣል እንጂ አየር አይለውጥም።

ቤቱ ተለውጧል

«አያቶቻችን በእሳት ዳር ተኝተው አይደል ያደጉት?» የሚል ክርክር በብዙ ቤት ይሰማል። እውነትነት አለው፤ ነገር ግን ያደጉበት ቤት ሌላ ነበር። የሣር ክዳን ጎጆ ጭሱን በክዳኑ ውስጥ ያሰርጋል። ቆርቆሮ የለበሰ የጭቃ ቤትም ቢሆን በግድግዳውና በጣሪያው መካከል ክፍተት ነበረው፤ ነፋስ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። (ያም ቢሆን ጉዳት አልነበረውም ማለት አይደለም። በእንዲህ ያለ ቤት ያደጉ ሕፃናት ሳንባና የእናቶች ዓይን ዋጋውን ከፍለዋል።)

ዛሬ በአጋሮ ከተማም ሆነ በገጠር ቀበሌዎች የቡና ገቢ ሲገኝ የሚሠራው ቤት በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ኮርኒስ የተመታለት፣ የብረት ወይም የአሉሚኒየም በርና መስኮት የተገጠመለት ነው። በክረምት ደግሞ ብርድ እንዳይገባ ከበሩ ሥር ጨርቅ ይወተፋል። ያው ምድጃ፣ ያው ፍም በአሮጌው ቤት ያልገደለውን በአዲሱ ሊገድል የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። በጅማ ከተማ ተማሪዎችና የቀን ሠራተኞች ተዳብለው የሚከራዩዋቸው አንድ በር ብቻ ያላቸው ጠባብ ክፍሎች ከሁሉ የባሱ ናቸው።

በአዲስ አበባ የከተማዋ እሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን በከሰል ጭስ ምክንያት የሰው ሕይወት እንዳያልፍ በተደጋጋሚ ማሳሰቢያ የሚሰጠውም ለዚሁ ነው። አደጋው የከሰል ብቻም፣ የኢትዮጵያ ብቻም አይደለም። በየካቲት 2013 ዓ.ም. በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት ከባድ ብርድ ወድቆ መብራት በጠፋ ጊዜ፣ በሂዩስተን ከተማ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያ ቤተሰብ ከቤቱ ጋር በተያያዘ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ሞተር አስነስቶ ነበር። የመኪናው ጋዝ ወደ ቤቱ ገብቶ እናትና ሴት ልጅ ሕይወታቸው አልፏል። በዚያው ሰሞን በቴክሳስ በካርቦን ሞኖክሳይድ ብቻ ከአሥር በላይ ሰዎች ሞተዋል። ከሰል፣ ጋዝ፣ ቤንዚን፣ የጄኔሬተር ናፍጣ፤ የሚነድ ነገር ሁሉ አየር ባነሰው ቁጥር ይህንኑ ጋዝ ይሰጣል።

ጋዙስ?

ተንቀሳቃሽ የጋዝ ማሞቂያ አብዛኛውን ጊዜ ከጀርባው ሲሊንደር የሚይዝ፣ ከሥሩ ጎማ ያለው፣ ከፊቱ ሲነድ የሚቀሉ የሸክላ ሳህኖች የተደረደሩበት ሣጥን ነው። በቂ አየር ካገኘ በንጽሕና ይነዳል፤ በዚህ ከከሰል እጅግ ይሻላል። ጥያቄው በቂ አየር ከየት ያገኛል የሚለው ነው። የጭስ ማውጫ ስለሌለው የሚወስደውም የክፍሉን አየር፣ የሚያወጣውም እዚያው ክፍል ውስጥ ነው።

ስሌቱን መሥራት አይከብድም። አራት ሜትር በሦስት ሜትር የሆነ፣ ሁለት ሜትር ተኩል ከፍታ ያለው ክፍል 30 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። አንድ ኪሎ ግራም ጋዝ በደንብ ለመንደድ ከ12 ሜትር ኩብ በላይ አየር ይፈልጋል። ሁሉም ሳህኖቹ የተለኮሱ ማሞቂያ በሰዓት 300 ግራም ገደማ ያነዳል። አየር ጨርሶ በማያስገባ ክፍል ውስጥ እንግዲህ 21 በመቶ የነበረው ኦክስጅን በአንድ ሰዓት ገደማ ወደ 18 በመቶ ይወርዳል። ከዚያ በታች ነበልባሉ መበላሸት፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱም መብዛት ይጀምራል። ሰማያዊ የነበረው ነበልባል ወደ ቢጫነት ሲያደላ ወይም በሣጥኑ ፊት ጥላሸት ሲታይ ምልክቱ ይኸው ነው።

ጥሩ ሆነው የተሠሩ ማሞቂያዎች ኦክስጅን ሲያንስ ጋዙን የሚዘጋ መቆጣጠሪያ አላቸው። ሆኖም መቆጣጠሪያው በአቧራ ሊደፈን ይችላል፤ ከሌላ ሰው እጅ የተገዛ አሮጌ ማሞቂያም ላይኖረው ይችላል። ከፍታም ጉዳይ ነው። አንዳንድ አምራቾች ማሞቂያቸው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በኋላ በራሱ ሊጠፋ እንደሚችል ይገልጻሉ። አጋሮ ከ1,500 ሜትር ጥቂት ከፍ ብላ የምትገኝ በመሆኗ ከዚህ በታች ናት፤ ደጋማ ቀበሌዎች ግን ያልፉታል። ማሞቂያው ደጋግሞ ሲጠፋበት መቆጣጠሪያውን የሚፈታ ወይም የሚያስር ሰው ሕይወቱን ያሰረበትን ገመድ እየቆረጠ ነው።

ለቡና አምራች አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። አንድ ኪሎ ግራም ጋዝ ሲነድ ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ ውኃ በእንፋሎት መልክ ይለቃል። ጀንፈል በሚቀመጥበት ቤት፣ ያውም በክረምት፣ ይህ እርጥበት ትንሽ አይደለም። እስከ 12 በመቶ ድረስ የደረቀ ቡና እርጥበቱን መልሶ ይስባል፣ ይሻግታል፣ ሽታም ይይዛል። ማሞቂያው ቤተሰቡን እያሞቀ የዓመቱን ድካም ሊያበላሽ ይችላል።

ሽታን በተመለከተ ሁለት ጋዞች ይምታታሉ። በሲሊንደር ውስጥ ያለው ጋዝ ሲያፈስ እንዲታወቅ ሆን ተብሎ መጥፎ ሽታ ይጨመርበታል። ከነደደ በኋላ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን አይሸትም። ስለዚህ «አልሸተተኝም» ማለት ጋዙ አላፈሰሰም ማለት እንጂ አየሩ ደኅና ነው ማለት አይደለም። የሚያፈስ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ፣ አልጋ ሥር ይተኛል። ሲሸት ክብሪት መጫርም ሆነ መብራት ማብራትና ማጥፋት አይገባም፤ ሲሊንደሩን ዘግቶ በር መክፈት ይቀድማል። የቱቦና የሬጉሌተር ማያያዣ የሚፈተሸው በሳሙና አረፋ ነው፤ የሚያፈስ ከሆነ አረፋው ይነፋል።

ገንዘቡንም ማስላት ደግ ነው። 12.5 ኪሎ ግራም የሚይዝ ሲሊንደር በዚህ አነዳድ የሚቆየው 40 ሰዓት ገደማ ነው። በየምሽቱ አራት ሰዓት ቢነድ በአሥር ምሽት ያልቃል።

ቤተሰቡ በሙሉ ራሱን ሲያመው

በካርቦን ሞኖክሳይድ የተመረዘ ሰው ራሱን ያመዋል፣ ያዞረዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል። ወባ በሚታወቅበት አካባቢ ይህ በቀላሉ ወባ ይመስላል፤ «ምች መታኝ» የሚልም አይጠፋም። ልዩነቱን የሚያሳዩ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ሕመሙ በአንድ ቤት ያደሩትን ሁሉ በአንድ ጊዜ መያዙ ነው። ሁለተኛው ደጅ ሲወጡ ቀለል ብሎ ወደ ቤት ሲመለሱ መባሱ ነው። ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን፣ አረጋዊና የልብ ሕመምተኛ ቀድመው ይጎዳሉ።

እንዲህ ሲያጋጥም መጀመሪያ በሩን ከፍቶ ሰዎቹን ወደ ደጅ ማውጣት፣ ከዚያ ምድጃውን ማውጣት ወይም ጋዙን መዝጋት ያስፈልጋል። ለማዳን የገባ ሰው ክፍሉ ውስጥ መቆየት የለበትም። ወተት ማጠጣት በደም ውስጥ የገባውን ጋዝ አያወጣም፤ ራሱን የሳተን ሰው እንዲያውም ሊያንቅ ይችላል። መድኃኒቱ ኦክስጅን ነው። ንጹሕ አየር ብቻ ሲተነፍስ በደም ውስጥ ካለው ጋዝ ግማሹ እስኪወጣ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ይፈጃል፤ በጭምብል ኦክስጅን ሲሰጥ ግን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ያጥራል። ስለዚህ የነቃ ሰውም ቢሆን ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት።

ለጤና ባለሙያው በቤት ውስጥ ከሰል ወይም ጋዝ እንደነበረ መንገር እጅግ ያስፈልጋል። በጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ በካርቦን ሞኖክሳይድ የተያዘውን ደም ኦክስጅን እንዳለበት አድርጎ ሊያነበው ስለሚችል፣ ታሪኩ ካልተነገረ በሽተኛው ደኅና መስሎ ሊታይ ይችላል።

ከመኝታ በፊት

የአጋሮ ብርድ ሌሊቱን ሙሉ እሳት የሚያስነድድ አይደለም። መስኮት ገርበብ አድርጎ ክፍሉን በምሽት ማሞቅ፣ ከመተኛት በፊት ምድጃውን ወደ ደጅ ማውጣት ወይም ማሞቂያውን ከሲሊንደሩ መዝጋት፣ ከዚያ ለጥቂት ደቂቃ በሩን ከፍቶ አየሩን መለወጥ ይቻላል። ግድግዳውና ዕቃው የያዙት ሙቀት በዚህ ጊዜ ሁሉ አይጠፋም። ጋቢና ወፍራም ብርድ ልብስ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ክዳኑ የጠበቀ ሙቅ ውኃ የያዘ ዕቃ ከእግር ሥር ቢሆን የቀረውን ይሸፍናል። ፍም ከክፍል የሚወጣው ቀልቶ እያለ ነው፤ «በራሱ ይጠፋል» ብሎ መተው በጣም አደገኛውን ሰዓት ለእንቅልፍ መተው ነው። የጋዝ ማሞቂያ በሳሎን እንጂ በመኝታ ክፍልና በመታጠቢያ ቤት ቦታ የለውም፤ መጋረጃና አልጋ ልብስም ሊጠጉት አይገባም።

ከውጭ አገር የሚመጣ ዘመድ ያለው ሰው ከጫማና ከስልክ ይልቅ በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ደወል ቢያዝዝ ያተርፋል። ሲገዛ ግን ስሙን ማጣራት ይገባል፤ የጭስ ደወል ሌላ መሣሪያ ነው፤ ይህንን ጋዝ አያውቀውም።

ክረምቱ ሲያልፍ ጉዳዩ አያበቃም። የቡና ለቀማ ሲጀምር ሌሊቱ ጠርቶ ይበርዳል፤ በማድረቂያ አልጋዎች ዳር ቡና የሚጠብቁ ሰዎች በላስቲክ በተሸፈነ ዳስ ውስጥ ያድራሉ። ላስቲክ ዝናብ እንደማያስገባ ሁሉ አየርም አያስገባም፤ ዳሱም ከመኝታ ክፍል እጅግ ስለሚያንስ ጋዙ ቶሎ ይሞላዋል። እሳቱ መንደድ ያለበት ከዳሱ ውጭ፣ ነፋሱ ጭሱን ከመግቢያው በሚያርቅበት በኩል ነው። ጠባቂ የሚቀጥር የቡና ባለቤት ወይም ኅብረት ሥራ ማኅበር ከደመወዙ ጋር ሁለት ወፍራም ብርድ ልብስ መስጠት ይኖርበታል፤ ብርድ ልብስ የሌለው ሰው ፍሙን ወደ ዳሱ ማስገባቱ አይቀርምና።