በወንዝ ዳር ያለች የባሩድ ቤት

በሰሜን አሜሪካ፣ ኒው ሃምፕሺር በሚባለው ግዛት፣ ኤክሰተር የምትባል አነስተኛ ከተማ አለች፤ በ1638 (ዘመኑን ሁሉ የምንቈጥረው እንደ ኤውሮፓውያን ነው) ጆን ዊልራይት የተባለ ሰባኪ በሃይማኖት ክርክር ምክንያት ከማሳቹሴትስ ተሰዶ መጥቶ የቈረቈራት ናት። ወንዟ ከፏፏቴው በላይ በከተማይቱ ስም ሲጠራ፣ ከፏፏቴው በታች ግን የባሕሩ ውሃ እየመላና እየጐደለ ስለሚደርስበት ስሙን ለውጦ ስኳምስኮት ይባላል። በዚህ ወንዝ ዳር፣ ወደ ውሃው ወጣ ባለ ምድር ላይ፣ በ1771 በጡብ የተሠራች አንዲት ትንሽ ቤት ቆማለች፤ ታሪኳን የማያውቅ መንገደኛ ቢያያት የመቃብር ቤት ትመስለዋለች እንጂ የባሩድ ማኅደር ነበረች ብሎ አይገምትም።

ባሩድ ከናይትሬት ጨው፣ ከከሰልና ከድኝ ተዋሕዶ የሚሠራ ነገር ነው፤ ከመቶው 75 ያህሉ ጨው፣ 15ቱ ከሰል፣ 10ሩ ድኝ ነው። እርጥበት ካገኘው ይሞታል፤ ብልጭታ ካገኘው ይገድላል። ስለዚህ የዚያ ዘመን ግንበኞች የባሩድን ቤት ከሰው መኖሪያ አርቀው፣ ግድግዳውን አወፍረው፣ ጣራውን ግን አቅልለው ይሠሩ ነበር፤ ይህም አደጋ ቢደርስ የፍንዳታው ኀይል ወደ ጐረቤት ከሚዞር ይልቅ ጣራውን ገንጥሎ ወደ ሰማይ እንዲወጣ ነው። ብረት ከድንጋይ ጋር ሲፋጭ እሳት ስለሚወልድ፣ በውስጡ የሚሠራበት ዕቃ ከእንጨት ወይም ከናስ እንዲሆን ይደረግ ነበር፤ በትልልቆቹ የእንግሊዝ ባሩድ ቤቶችማ ሠራተኛው ሚስማር ያለበትን ጫማ በደጅ አውልቆ ይገባ ነበርና፣ እኛ ወደ ቤተ መቅደስ ስንገባ በአክብሮት የምናደርገውን እነርሱ ለነፍሳቸው ፈርተው ያደርጉት ነበር ማለት ነው።

የኤክሰተር ሰዎች ይህችን ቤት ሲያሠሩ ገና የእንግሊዝ ንጉሥ የሣልሳዊ ጊዮርጊስ ታማኝ ዜጎች ነበሩ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ በንጉሡና በሕዝቡ መካከል ያለው ጠብ እየከረረ ሄደ፤ በኦክቶበር 1774 ንጉሡ የጦር መሣሪያና ባሩድ ወደ አሜሪካ እንዳይላክ ከለከለ። ይህ ክልከላ ቀላል ነገር አልነበረም፤ አገሪቱ የሚበቃትን ባሩድ ራሷ መሥራት አትችልም ነበርና። በዲሴምበር 13 ቀን ፖል ሪቪር የተባለው የቦስተን ብር ሠሪ በክረምት ብርድ ፈረሱን እየጋለበ በኒው ሃምፕሺር ወዳለችው ወደ ፖርትስማውዝ ደርሶ፣ በፒስካታኳ ወንዝ አፍ ያለውን የዊልያምና ሜሪ ምሽግ ሊያጠናክር የንጉሡ ጦር እየመጣ ነው ሲል አስጠነቀቀ። በማግሥቱ 400 ያህል ሰዎች በጆን ላንግደን መሪነት ወደ ምሽጉ ዘመቱ። በውስጡ የነበሩት አዛዡ ካፒቴን ጆን ኮክረንና አምስት ወታደሮች ብቻ ነበሩ፤ ሦስት መድፍ ቢተኵሱም ማንም አልሞተም፤ ሕዝቡ ቅጥሩን ዘልሎ ያዛቸው፤ የንጉሡንም ባንዲራ አወረደ። ወደ 100 በርሚል የሚጠጋ ባሩድም ዘረፈ። በሁለተኛው ቀን ደግሞ ጆን ሱሊቫን ሌሎችን አስከትሎ መጥቶ መድፍና ጠመንጃ ወሰደ። ይህ ሁሉ የሆነው፣ የአሜሪካ አብዮት መጀመሪያ ተብሎ በየትምህርት ቤቱ ከሚነገረው ከሌክሲንግተን ተኵስ አራት ወር አስቀድሞ ነው፤ ሰው ስላልሞተበት የተረሳ ይመስለኛል።

ባሩዱ በጀልባ ሽቅብ ወደ ወንዞቹ ዳር ከተሞች ተጋዘ፤ ከፊሉም ወደ ኤክሰተር መጣ። ለንጉሡ ዜጎች መጠበቂያ ተብላ የተሠራች ቤት በንጉሡ ላይ ለሚነሡት ግምጃ ቤት ሆነች። ከተማይቱም በአብዮቱ ዘመን የኒው ሃምፕሺር መዲና ሆነች፤ በጃንዋሪ 5 ቀን 1776፣ የነጻነቱ ዐዋጅ ሊታወጅ ስድስት ወር ሲቀረው፣ በእርሷ የተሰበሰበው የኒው ሃምፕሺር ምክር ቤት ለግዛቱ ሕገ መንግሥት ጽፎ አጸደቀ።

የንጉሡን ባሩድ የዘረፈው ላንግደን በ1787 በአሜሪካ ሕገ መንግሥት ላይ ፈረመ፤ እርሱም ሱሊቫንም በየተራቸው የኒው ሃምፕሺር ርእሰ መስተዳድር ሆኑ።