ለሕክምና ስህተት ማን ይክፈል?

ምጥ የጠናባት እናት ከአንኮበር ጎረቤላ ወደ ደብረ ብርሃን ስትላክ ባሏ የሪፈር ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ውስጥ ይከተዋል። መንገዱ አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ብርዱም የታወቀ ነው። ይህች እናት ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ በስህተት ብትጎዳ ወይም ብትሞት ቤተሰቧ ምን ያገኛል?

በወረቀት ደረጃ መብት አላቸው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባለሙያ የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ በአንቀጽ 2031 ያዛል። አንቀጽ 2651 ደግሞ የሕክምና ተቋም በሐኪሞቹና በረዳቶቻቸው ጥፋት ለደረሰ ጉዳት ተጠያቂ ነው ይላል። ችግሩ ያለው ገንዘቡ ላይ ነው። ለቁሳዊ ጉዳት የሚከፈለው ካሳ በማስረጃ ይሰላል፤ የገበሬ ሚስት ግን የደመወዝ ወረቀት የላትም። እንጀራ የጋገረችበት፣ ውኃ የቀዳችበት፣ ልጅ ያሳደገችበት ድካም በየትኛው ደረሰኝ ይቀርባል? የሚቀረው የሞራል ካሳ ነው፤ እሱን ደግሞ አንቀጽ 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ አጥሮታል። ሕጉ ሲወጣ ይህ ገንዘብ 400 የአሜሪካ ዶላር ያህል ነበር። ዛሬ አሥር ዶላር እንኳ አይሞላም።

የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1975 በሕክምና ስህተት ለሚመጣ፣ ሕመምና ሐዘንን ለመሰለ ጉዳት የሚከፈለውን ካሳ በ250,000 ዶላር ገድቦ ነበር። ጣሪያውን የዋጋ ንረት በላው ተብሎ ለዓመታት ከተሟገቱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2022 ሕጉን አሻሽለው ከፍ አደረጉት። የእኛ ጣሪያ ከስድሳ ዓመት በላይ ሲቆይ ይህን ያህል የጮኸለት አላየሁም። ያሳዝነኛል።

ሐኪሙም ቢሆን በዚህ ሕግ አልተጠቀመም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ሲደነግግ ሐኪምንና አሽከርካሪን አንድ ላይ ይጠራቸዋል፤ ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ አለባቸውና ቅጣቱ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስራትና መቀጮ ነው። ኃላፊነታቸው እኩል ከሆነ ጥበቃቸውስ? አሽከርካሪው የሦስተኛ ወገን መድን ሳይገባ መኪናውን ማንቀሳቀስ አይፈቀድለትም። መድን የሌለው መኪና ሰው ገጭቶ ቢያመልጥ እንኳ ተጎጂውን የሚያስበው የመድን ፈንድ አለ። አብዛኛው የመንግሥት ሆስፒታል ሐኪም ግን የሙያ ኃላፊነት መድን የለውም። ደመወዙ ምን ያህል እንደሆነ ደግሞ የጤና ባለሙያዎች በ2017 ግንቦት ሥራ እስከ ማቆም ደርሰው ተናግረዋል።

ታዲያ የሚፈራ ሰው ምን ያደርጋል? ሪፈር ይጽፋል። ደብረ ብርሃን ላይ ሊታከም የሚችለው ሰው 130 ኪሎ ሜትር ርቆ አዲስ አበባ ይላካል። የአስታማሚው አልጋ ኪራይ፣ ምግብ፣ ትራንስፖርት፣ የተሸጠው በግና በሬ በማንም ሒሳብ መዝገብ ላይ አይሰፍርም። የሕክምና ስህተት ሕጋችን ትልቁ ወጪ ፍርድ ቤት ከሚፈርደው ካሳ ይልቅ ይህ ይመስለኛል፤ ከፋዩም ድሃው ነው።

የሙያ ሥነ ምግባር ኮሚቴ አለ ይባል ይሆናል። የፌዴራሉ ኮሚቴ በጥቂት ዓመታት የሰጣቸው 125 ውሳኔዎች በጥናት ታይተው ነበር፤ በአብዛኞቹ ጥፋት አልተገኘም። ይህ ሐኪሞቻችን እንደሚታሙት ያህል ቸልተኞች እንዳልሆኑ ያሳያል። ግን ጥፋት የለም የተባለለት ሰው ጉዳቱ አብሮ አልጠፋለትም። በዚያ ላይ ኮሚቴው ፈቃድ ሊያሳግድ ይችላል እንጂ ካሳ አይከፍልም። ካሳ የፈለገ ፍርድ ቤት ይሂድ፤ እሱም በመርህ ደረጃ ጉዳቱ በደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ፣ በባልደረባው ላይ ሊመሰክር የሚደፍር ሐኪም ካገኘ። ደብረ ብርሃንን በሚያህል ከተማ ሁሉም በሚተዋወቁበት ይህ ቀላል አይደለም።

ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1975፣ ኒውዚላንድ ደግሞ ከዚያ አንድ ዓመት ቀድማ ካሳውን ከወቀሳው ለይተዋል። ተጎጂው ከጋራ ቋት ይከፈለዋል፤ ማን አጠፋ የሚለው በሌላ መንገድ ይጣራል። እነሱ ሀብታም ስለሆኑ ነው እንዳንል ቋቱ እኛም ጋ ተጀምሯል። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል ገበሬው በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በየዓመቱ መዋጮ ይከፍላል። ከዚህ መዋጮ ላይ ትንሽ ድርሻ፣ ከሆስፒታሎች የውስጥ ገቢም እንዲሁ፣ ለሕክምና ጉዳት ካሳ ቢመደብ ለሞትና ለዘላቂ አካል ጉዳት አስቀድሞ የታወቀ መጠን መክፈል ይቻላል። መጀመሪያ ላይ መጠኑ ዝቅተኛ ይሆናል፤ በወራት ውስጥ የሚደርስ ትንሽ ካሳ ግን በዓመታት ክርክር ከሚገኝ ፍርድ ይሻላል። ሐኪሙም ስህተቱን ካርድ ላይ ሳይፈራ ይጽፋል፤ የተጻፈው ስህተት ደግሞ ለቀጣዩ ሐኪም ትምህርት ይሆናል።

ይህን ክልሉ በሰሜን ሸዋ በሙከራ ሊጀምረው ይችላል። የአንቀጽ 2116ን ጣሪያ ማንሳት ግን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሥራ ነው፤ ለዚያም የአንዲት አንቀጽ ማሻሻያ ትበቃለች።